ጧሪ ያጡ አይደሉም
ኢንተርኔት ላይ አንድ ጽሑፍ ሳነብ «አውሮፓውያን ወላጆቻቸው ሲያረጁ መጦሪያ ቤት ጥለው ይረሷቸዋል» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ጀርመን ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እዚህ አገር እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል የሚረዱት በቤታቸው ነው። አብዛኞቹን የሚያስታምማቸውም ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 1995 የእንክብካቤ መድን (ሰው ሲያረጅ ወይም ሲታመም ለሚያስፈልገው እንክብካቤ የሚከፍል ኢንሹራንስ) ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቤተሰብ ለሚያስታምመው ሰው በየወሩ ገንዘብ ይሰጣል። መጦሪያ ቤት ከገቡት ውስጥ የማውቃቸው ጥቂቶቹ ራሳቸው መርጠው ነው የገቡት። «የልጄ ሸክም አልሆንም» ይላሉ። ለእነሱ ይሄ ኩራት ነው። እኛ ግን ልጅን ጧሪ ቀባሪ ብለን ስለምናሳድግ መጣል ይመስለናል። ጽሑፉ ስር «እኛ ጋ እናት አትጣልም» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ግን ጡረታ የሌላት እናት ከልጇ ሌላ ማን አላት? ሁሉንም በፍቅር አትተርጉመው። አንድ ቀን የ88 ዓመት ሴትዮ እግራቸውን እያጠብኩ «እናትህ የት ናቸው?» አሉኝ። ደሴ፣ እህቴ ጋ፤ በየወሩ ብር እልክላቸዋለሁ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?» አሉ። አራት ዓመት አልፎ ነበር። ሴትዮዋ ዝም አሉ። የእሳቸው ልጅ በየእሁዱ ኬክ ይዞ ይመጣል።