ዘጠና ቀን ለቻርተር ክለሳ አይበቃም

የከተማው ምክር ቤት ባለፈው ሳምንት የቻርተር፣ ማለትም የከተማው መተዳደሪያ ሕግ፣ ክለሳ ኮሚቴ ሲሰይም በዘጠና ቀን ውስጥ ረቂቁ ለሕዝበ ውሳኔ እንዲደርስ አዟል። የተሰጠው ምክንያት «የቃላት ማስተካከያ ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ቻርተሩን ከዳር እስከ ዳር አላነበበውም።

እስቲ ይህ «ማስተካከያ» ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ጊዜው አልፎበታል ተብሎ አንቀጽ 12 ተሰረዘ እንበል። ተከታዮቹ አንቀጾች በሙሉ ቁጥራቸው በአንድ ይቀንሳል። አንቀጽ 31 ደግሞ የከተማው ሥራ አስኪያጅ «በአንቀጽ 14 በተደነገገው ሥርዓት» ከኃላፊነት ይነሳል ይላል። ማጣቀሻው አብሮ ካልታረመ አሁን አንቀጽ 14 የሆነው የቀድሞው 15 ነው፤ እሱም ስለ ጨረታ ነው የሚያወራው። ስህተቱ በስብሰባ ላይ አይታይም። የሚወጣው ሥራ አስኪያጁ ተሰናብቶ ፍርድ ቤት የቀረበ ዕለት ነው፤ ያኔ ለማረም ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከረቂቁ በፊት ሠንጠረዥ ይሠራ፦ ነባሩ ድንጋጌ፣ የታሰበው ለውጥ፣ ምክንያቱ፣ ለውጡ የሚነካቸው ሌሎች አንቀጾችና ደንቦች። አራተኛው ዓምድ ሳይሞላ ምንም አይጻፍ። የሕግ ባለሙያውም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይቀመጥ፤ ያለቀ ረቂቅ ይዞለት መሄድ ፊርማ መለመን ነው።

የጊዜ ሰሌዳ የሚቆጠረው ከድምፅ መስጫው ቀን ወደ ኋላ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀት ኅትመት፣ የጥያቄው አቀራረጽ፣ የምክር ቤቱ ውይይትና ውሳኔ፣ የሕግ ምርመራ፣ ከረቂቁ በፊትና በኋላ የሚደረጉ የነዋሪዎች መድረኮች። ይህ ሁሉ ከዘጠናው ቀን ሲቀነስ ለክለሳው ምን ይተርፋል?

በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት የምትገኘው ፖርትላንድ 20 አባላት ያሉት የቻርተር ክለሳ ኮሚሽን አቋቁማ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተጀምሮ ድምፅ የተሰጠው በኅዳር 2022 ነው። በተሻሻለው ቻርተር የተቋቋመው 12 አባላት ያሉት አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2025 መባቻ ነበር። ከድምፁ በኋላ ለሽግግሩ ብቻ ሁለት ዓመት ገደማ ሄዷል። ትልቅ ከተማ ስለሆነች ነው የሚል መልስ አያዋጣም። ትንሽ ከተማ የሚያርም ሰውም ያንሳታል፤ የአንቀጾቹ መተሳሰር ግን ያው ነው።

የምክር ቤቱ ትእዛዝ ስለ ሽግግር ድንጋጌ አንድ መስመር የለውም። የነባር ተመራጮች ዘመን መቼ ያበቃል? የተጀመሩ ውሎችን ማን ይረከባል? ምክር ቤቱ ቀነ ገደቡን ያንሳ፤ ለኮሚቴው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይስጥ።