የጉዳት ቅደም ተከተል መቅረቱን እደግፋለሁ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ተከላካዩ ነው

«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘው የካርድ ጨዋታ፣ በሪቻርድ ጋርፊልድ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ወዲህ፣ በፍልሚያ ጊዜ ጉዳት የሚደርስበትን መንገድ የሚወስነው ሕጉ በተደጋጋሚ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «ፋውንዴሽንስ» ከተባለው የካርድ ስብስብ ጋር የመጣውን፣ አጥቂው ጉዳቱን በቅደም ተከተል እንዲያከፋፍል ያስገድድ የነበረውን ሕግ ያስቀረውን ለውጥ ብዙዎች እንደ ተራ ማቅለያ ቢያዩትም፣ እኔ እንደዚያ አላየውም።

መነሻው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ አንደኛው የሚያደርሰው ጉዳት ሲሆን ሁለተኛው፣ ጽናቱ፣ ሲደርስበት የሚሞትበት የጉዳት መጠን ነው። የሚያጠቃውን ፍጡር የሚመክት ከሌለ ጉዳቱ በተጫዋቹ ላይ ያርፋል፤ መካች ካለ ግን ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጎዳዳሉ። ነገሩ የሚከረው ሁለት መካቾች አንዱን አጥቂ ሲገጥሙት ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ጉዳቱ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ ክፍፍሉ የሚወሰነው መቼ ነው የሚለው ይመስለኛል።

ከ2009 እስከ 2024 በሠራው ሕግ፣ አጥቂው መካቾቹ እንደታወቁ በተራ ይደረድራቸው ነበር፤ ለመጀመሪያው የሚገድለውን ያህል ጉዳት ሳይመድብም ወደ ሁለተኛው ማለፍ አይችልም ነበር። አምስት ጉዳት የሚያደርስና በአምስት ጉዳት የሚሞት ፍጡር ሲያጠቃ፣ ሁለቱም ቁጥሮቻቸው ሦስት የሆኑ ሁለት ፍጡራን መከቱት እንበል። ተራው ከተነገረ በኋላ ተከላካዩ አንድ ካርድ አውጥቶ የመጀመሪያውን መካች ጽናት ወደ ስድስት ካሳደገው፣ አምስቱም ጉዳት እዚያው ላይ ይቀራል፤ አጥቂው ይሞታል፣ ከመካቾቹ ግን አንድም አይሞትም። በአዲሱ ሕግ ክፍፍሉ የሚወሰነው ጉዳቱ በሚደርስበት ቅጽበት ስለሆነ፣ አጥቂው ያደገውን ትቶ ሌላውን በሦስት ጉዳት ይገድላል። ያው ካርድ፣ ያው ፍጡራን፤ ተከላካዩ ግን አንድ ፍጡር አጥቷል።

የ2009ኙ ለውጥ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ነበር። ከ1999 ጀምሮ የተመደበ ጉዳት ወዲያው ሳያርፍ፣ እንደ ማንኛውም ድግምት «ስታክ» በሚባለው የውጤቶች መጠበቂያ ላይ ይቆይ ነበር። «ሞግ ፋናቲክ» የተባለው ትንሽ ፍጡር በፍልሚያው አንድ ጉዳት ከመደበ በኋላ ራሱን ሠውቶ ሌላ አንድ ጉዳት ያደርስ ስለነበር፣ በእጥፍ የሚበልጠውን ይዞ ይሞት ነበር። ያ ቀርቶ ወይ መሠዋት ወይ መፋለም የሚል ምርጫ ሲመጣ ብዙ ነባር ተጫዋቾች ከልብ አዝነዋል፤ እኔ ግን ምርጫው ክብደት ያገኘው ያኔ ነው ባይ ነኝ። የ2024ቱ ለውጥ ደግሞ የአጥቂውን ምርጫ አቅልሎታል፤ ሁሉን አይቶ መጨረሻ ላይ ይወስናልና።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለውጡን የምደግፈው፣ ቅደም ተከተሉ በካርዶቹ ላይ የማይታይ፣ በቃል ብቻ የሚያዝ ነገር ስለነበረ ነው። የማጠናከሪያ ካርድ ማንም ባልያዘበት ፍልሚያ እንኳ መነገር ነበረበት፤ ጀማሪም ሳይናገር ያልፈውና ጭቅጭቅ ይነሣል። በትክክል የሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ አልተነካም፦ «ትራምፕል» የተባለው ችሎታ ያለው ፍጡር ትርፉን ጉዳት ወደ ተጫዋቹ ለማሳለፍ አሁንም ለመካቾቹ ሁሉ የሚገድላቸውን ያህል መመደብ አለበት።

ስለዚህ ማጠናከሪያ ካርድ ይዞ በሁለት ፍጡራን ለመመከት የሚያስብ ተከላካይ፣ አሁን አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው የትኛውን ላድን ብሎ ሳይሆን የትኛውን ባጣ እችላለሁ ብሎ ነው፤ አጥቂው ዓይኑን የሚጥለው ካርዱ ባልደረሰለት ላይ ነውና።