«ደህና ነኝ» የምርመራ ውጤት አይደለም

ባለፈው ሳምንት እህቴን ይዤ ክትትል ወደምታደርግበት የሆስፒታል ክፍል ስሄድ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «የአንጀት ብግነት ሕመም ያለባችሁ ታካሚዎች፣ ምልክት ከሌላችሁ በየሦስት ወሩ መምጣታችሁ ቀርቷል። ሕመም ሲሰማችሁ ኑ» ይላል። ማኅተም አርፎበታል። እህቴ ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ ነው የመጣችው። ካርዷን እንደያዘች ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችውና «እሰይ፣ ተገላገልን» አለችኝ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ።

ገብቼ ጠየቅኩ። የተሰጠኝ መልስ «ታካሚው ከማንም በላይ ራሱን ያውቃል» የሚል ነው። ወረፋ በዝቶብን ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ እውነት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚውለውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ታካሚው ራሱን ያውቃል? በዚህ በሽታ?

እህቴ ያለባት አልሰራቲቭ ኮላይተስ ነው። የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ይቆስላል፣ ይደማል፣ ጋብ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። ዘመዱ ክሮንስ ከአፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የትኛውም ቦታ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም አንድ ክፉ ጸባይ አላቸው፤ ሆድ ሳይቆርጥ፣ ተቅማጥ ሳይኖር፣ ውስጥ ለውስጥ ሊነዱ ይችላሉ። ክሮንስ ያለበት ሰው ምንም አልተሰማኝም እያለ አንጀቱ ቀስ በቀስ ጠብቦ፣ አንድ ቀን ተዘግቶ ለኦፕሬሽን ሊገባ ይችላል። ሕመም ሲሰማህ ና የተባለው ይሄ ሰው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ላይ ነበረች። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ክብ አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኛት ሁሉ «ወፈርሽ፣ አምሮብሻል» ይላታል። እናታችን ደስታዋን አልቻለችውም። ፊቷን የሞላው ግን መድኃኒቱ ነው እንጂ ጤና አይደለም። የቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ጎኗ ተቀምጬ ነበር። እሱ ግን በቃሏ አልተሸኘም፣ ደም አዘዘላት። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኗ ከ13 ወደ 9 ወርዷል። ስንወጣ ያዝኳት። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ሰገራዋ ላይ ደም ስታይ ከርማለች። ለምን አልተናገርሽም ስላት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ «እሱን እንዴት ብዬ ነው ለሰው የማወራው» አለችኝ።

ወረቀቱን የለጠፉት ሰዎች እዚህ አገር ያደጉ አይመስሉኝም። እኛ «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። ልጁን የቀበረ እንደዚያ ይላል። ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ እንደዚያ ይላል። ይሄ ምስጋና ነው፣ ጨዋነት ነው፣ ያሳደጉን እንደዚህ ነው፣ እና ስለ ሰገራ ደግሞ እንኳን ለሐኪም ለገዛ እናት ማውራት ነውር ሆኖ ነው የኖረው፣ ያውም በሩ ተከፍቶ ሌላ ታካሚ አንገቱን አስግጎ ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ። እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ሲያምህ ንገረኝ» ብሎ መሸኘት በሽታውን ጭራሽ አለመከታተል ነው። ሌላው ዓለም የታካሚን ቃል ብቻ ይዞ አይሄድም ብለን የምንከራከር ከሆነ፣ እኛ ጋ ክርክሩ ከዚያም ይብሳል። የሚያማርር ሕዝብ ቢሆን እንኳ አይበቃም። የእኛ እኮ አያማርርም! ደሞስ ሲያመው ወዴት ይሄዳል? ቅርቡ ወዳለው ፋርማሲ። «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይዞ ይገባል። ሳይሻለው ወር ያልፋል።

«ሰገራዋ እኮ ተመርምሮ ንጹሕ ነው» የሚልም አለ። ተራው የሰገራ ምርመራ በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳክ የለም ማለት ብግነት የለም ማለት አይደለም። ብግነቱን የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የሚባለው ነው። ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ አንጀት ሲቆጣ ሰገራ ውስጥ ይበዛል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ግቡን በግራም ከ100 እስከ 250 ማይክሮግራም ወዳለው ደረጃ ማውረድ ብሎታል። በኢንፌክሽንም፣ እንደ ዲክሎፌናክ ባለ የሕመም ማስታገሻም ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን አይፈርድም። ቢሆንም ከ«ደህና ነኝ» ይሻላል።

ማስረጃ የሚል ካለ፣ ካልም የተባለው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት አለ። 244 የክሮንስ ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። የአንዱ ቡድን ሕክምና የሚስተካከለው በምልክት ብቻ ነው፤ የሌላው ደግሞ በካልፕሮቴክቲንና ሲአርፒ በሚባለው የደም ምርመራ ጭምር። ከ48 ሳምንት በኋላ አንጀታቸው በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ወደ አንጀት በሚገባ ካሜራ፣ ሲታይ፣ በምልክት ብቻ ከታከሙት 30 በመቶው ድኖላቸው ተገኘ። በምርመራ ከታከሙት 46 በመቶው። እዚያ የተሰጠው መድኃኒት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ማየት ግን ውድ አይደለም።

የእህቴ ናሙና ለካልፕሮቴክቲን አዲስ አበባ ነው የተላከው፣ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። እሺ፣ እሱን በየሦስት ወሩ አንጠይቅም። ሙሉ የደም ምርመራ፣ ብግነትን የሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ ሚዛን ላይ መውጣት ግን ምን ይከብዳል? ሚዛኑ እዚያው በሩ ሥር አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሲአርፒ በኮላይተስ አንዳንዴ ሳይጨምር ሊቀር ይችላል፤ ለዚህ ነው ብዙውን አንድ ላይ ማየት ያለብን። ትልቁ አንጀት ላይ በሽታው 8 ዓመት ከሞላው ደግሞ ለካንሰር ሲባል የኮሎኖስኮፒ ክትትል መጀመር አለበት፣ ምልክት ኖረም አልኖረም። ወረቀቱ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

ወረፋው ከበዛ በየሦስት ወሩ ሐኪም ፊት መቅረብ ላይኖርብን ይችላል። ደም ሰጥተን እንሂድ፣ ነርስ ውጤቱን ትይ፣ የወረደ ወይም የጨመረ ነገር ካለ ይደወልልን። አብዛኞቻችን ስልክ አለን።

የእህቴ ቀጣይ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ነበር። ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በጥቅምት ግን በዚያው በጠዋቱ ጀልባ ትመጣለች፣ መጀመሪያ የግል ላብራቶሪ ገብተን ደሟን እናስመረምራለን፣ ከዚያ ውጤቱን ይዘን እዚያው በር ላይ እንቆማለን።