ማስተካከያ፦ ትራስ መደብደብ ንዴትን አያበርድም

«ንዴታችሁን አታምቁ፤ ትራስ ደብድባችሁ ካወጣችሁት ጠበኝነታችሁ ይቀንሳል» የሚለው በስፋት የተጋራ ምክር ስህተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ 600 የኮሌጅ ተማሪዎች በጽሑፋቸው ላይ ክፉ ትችት ተሰንዝሮ እንዲናደዱ ተደረገ። ተቺውን እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት የመቱት ከሁሉ በላይ ተናደዱ፤ በኋላም ተቺውን ጆሮ በሚያውክ ኃይለኛ ድምፅ የመቅጣት ዕድል ሲሰጣቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ጨከኑ። ዝም ብለው የተቀመጡት ግን ከሁሉም ያነሰ ጠበኝነት አሳዩ። ድብደባው ሰውነትን ያነሳሳል፣ በደሉን ማመላለስ ደግሞ ንዴቱን ያድሳል።

154 ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2024 ትንተናም ንዴትን የሚቀንሰው በዝግታ መተንፈስን የመሰለ ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር መሆኑን አሳይቷል። ሩጫ እንኳ (ለልብ ቢበጅም) ለዚህ አይረዳም። ስለዚህ የተናደደን ልጅ «ትራሱን ምታው» ማለት ይቅር።