የኑግን ብናኝ በቅርጹ ብቻ አንወቀው

በአገራችን ስለ አበባ ብናኝ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ማር ይዞራል። ከማር ውስጥ የተለየ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ንቧ የትኛውን አበባ እንደቀሰመች ያሳብቃል፤ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም በዚህ ሲሠሩ ኖረዋል። ይህ ዕውቀት የቆመው ኤክሳይን በሚባለው የብናኙ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ኤክሳይን የሚሠራው ስፖሮፖሊኒን ከተባለ በቀላሉ ከማይበገር ነገር ነው። ስዊድናዊው ጉናር ኤርድትማን ባስለመደው ዘዴ ብናኙን በሰልፈሪክ አሲድና በአሴቲክ አንሃይድራይድ ድብልቅ ሲያሞቁት የውስጡ ሁሉ ተበልቶ ያልቃል፤ ኤክሳይኑ ግን ከነእሾሁ ከነቀዳዳው ይተርፋል። ከሐይቅ ጭቃ የሺህ ዓመታት ብናኝ ተለቅሞ የጥንቱ ደን የሚታወቀውም በዚሁ ጥንካሬው ነው።

የኑግን ገበሬ ጉዳይ ካነሳን ግን የሚያስፈልገን አሲዱ ያጠፋው ፕሮቲን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ኖክስ እና ሄስሎፕ-ሃሪሰን ከባልደረባቸው ጋር የብናኝን ግድግዳ በአንቲቦዲ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የዘዴው አካሄድ ይህን ይመስላል። ጥንቸል ከብናኝ የተጨመቀ ፕሮቲን ትወጋለች። ሰውነቷ ባዕዱን ነገር ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያመርታል። ከደሟ የተገኘው አንቲቦዲ በስሱ በተቆረጠ ብናኝ ላይ ይደረግና ቀጥታ ወይም በሌላ አንቲቦዲ በኩል የሚያበራ ቀለም ይያያዝበታል። ከታጠበ በኋላ የሚያበራው ቦታ ፕሮቲኑ ያለበት ነው።

በዚህ መንገድ የታየው ነገር የብናኝን ግድግዳ እንደ ደረቅ ቅርፊት ማየትን አስቀረ። በኤክሳይኑ ጉድጓዶች ውስጥ ፕሮቲን ተሞልቷል፤ ከሥሩ ባለው ለስላሳ ግድግዳ፣ በኢንታይኑም፣ ሌላ ፕሮቲን አለ። ምንጫቸው ግን ለየቅል ነው። የኢንታይኑን ብናኙ ራሱ ሠርቶታል። የኤክሳይኑን ግን ያስቀመጠው ብናኙ በሚያድግበት ከረጢት ዙሪያ ያለው የወላጅ ተክል ሕብረ ሕዋስ ነው። ብናኙ እርጥበት ሲነካው የኤክሳይኑ ፕሮቲን በሰከንዶች ይፈስሳል፤ የኢንታይኑ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። እንግዲህ ብናኝ የአበባው ሴቴ ክፍል ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የሚቀርበው የወላጁ መታወቂያ ነው። የብናኝ አለርጂም ከዚሁ ይነሳል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሚያስነጥሳቸው ራግዊድ የሚባለው አረም፣ አለርጂ አምጪው ፕሮቲን በሁለቱም ግድግዳዎቹ ውስጥ መኖሩ በዚህ ዘዴ ታይቷል።

ወደ ኑጋችን እንምጣ። ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ንብ ከሌላ ተክል ካላመጣችለት ፍሬ አይዝም ማለት ይቻላል። ይህ እምቢታ የሚወሰነውም ብናኙ ራሱ በያዘው ጂን ብቻ ሳይሆን በወላጁ ተክል ማንነት ነው፤ ማለትም የኤክሳይኑን ፕሮቲን ያስቀመጠው ወገን ነው ወሳኙ። የምግብ ዘይቱን አብዛኛውን ከውጭ ለሚገዛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዳቃዩም የመረጠውን ተክል ከራሱ አራብቶ ንጹሕ ዘር ማውጣት ያቅተዋል።

የጂን ቅደም ተከተል በርካሽ በሚነበብበት ዘመን ስለ አንቲቦዲ ማውራት ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ጂኑ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይነግረናል፤ የተሠራው ፕሮቲን በየትኛው ግድግዳ፣ በየትኛው ሰዓት እንደተቀመጠ ግን ዓይን ነው የሚያየው። የጎመን ቤተሰብ ቁልፍ ፕሮቲን ተለይቶ ታውቋል። ሆኖም ኑግ የሱፍ ዘመድ ነው፤ የጎመኑን መልስ ቀድቶ ለኑግ መለጠፍ አያዋጣም።

እዚህ ላይ ስለ ዘዴው ክፉ ጠባይ ሳልናገር ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ኤክሳይን ምንም ሳይቀባ በራሱ ያበራል። በዚያ ላይ አንቲቦዲ የማይመለከተው ቦታ ላይ ይጣበቃል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» እንደሚባለው ንጹሑ ፕሮቲን ከተፈላጊው ጋር አብሮ ይታፈሳል። ስለዚህ ጥንቸሏ ሳትወጋ በፊት የተቀዳው ሴረም (የደሟ ፈሳሽ ክፍል) በዚያው ቁራጭ ላይ፣ በዚያው የብርሃን መጠን ካልተሞከረ፣ የሚያምር አረንጓዴ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመቶ በላይ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ላይ አንቲቦዲዎች በትክክለኛ ማንነታቸው ተለይተው እንዲሠሩ የጠየቁት በዚህ ዓይነት ብክነት ተማርረው ነው። አንቲቦዲ በቅዝቃዜ ስለሚቀመጥ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣው አደራ መሆኑንም ማንም የሚያውቀው ነው።

ሥራው የሚጀመርበት ቦታ ሩቅ አይደለም። የደጋ የቅባት እህል ምርምር ያለው ሆለታ ነው፤ የንቡም ማዕከል እዚያው ከተማ። በራሳቸው ብናኝ ፍሬ የሚይዙ ጥቂት የኑግ ተክሎችም በምርምር ተለይተዋል። የእነሱንና የተለመደውን ኑግ ብናኝ በጥቅምት አበባ ጊዜ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ አሲድ ሳያስነኩ ኤክሳይናቸውን ጎን ለጎን በአንቲቦዲ ማየት ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው። የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ክፍሎች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲያወጡ ይህን አንድ መስመር ቢጨምሩበት የሚጎድልባቸው ብዙ አይደለም።