«ዕቃ እንኳን ብዙም የለንም»

ቤት የሚለቅ ሰው የመጀመሪያ ውሸቱ «ዕቃ እንኳን ብዙም የለንም» የምትለው ናት። እኔም ብያታለሁ። ለአይሱዙው ሾፌር ደውዬ «አንድ አልጋ፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ሌላው ጥቃቅን ነው» አልኩት። ሾፌሩ ትንሽ ዝም አለና «ጥቃቅኑ ስንት ማዳበሪያ ይሞላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

የለቀቅነው ወደን አይደለም። አከራያችን አንድ እሁድ ቡና ጠሩን። አቦሉ ላይ ስለ ጤናችን ጠየቁን። ቶናው ላይ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። በረካው ላይ ልጃቸው ከአሜሪካ ሊመጣ መሆኑን ነገሩን። የአዲስ አበባ ተከራይ ይህን አረፍተ ነገር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ልጁ አይመጣም። የሚመጣው አዲስ ተከራይ ነው፣ ከነአዲስ ዋጋው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማዘዙን አውቃለሁ። ውላችንንም ወረዳ ሄጄ አስመዝግቤያለሁ። ግን የሰው ፈንዲሻ በልቶ፣ በረካ ጠጥቶ፣ እጣን ሸትቶ ሲያበቃ «እትዬ፣ እከስዎታለሁ» የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? «እንኳን ደስ አለዎት፣ በሰላም ይግባ» ብለን ተነሳን።

ደላላው በሦስተኛው ቀን ኮንዶሚኒየም አገኘልን። አራተኛ ፎቅ። «ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ነው» ብሎ ማለልኝ። አልዋሸም። በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፣ የመጣች ቀን ግን ሃያ አራት ሰዓት ነው። ቅድመ ክፍያን በተመለከተ ያው አዋጅ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም ይላል። ደላላው «ወረቀት ላይ ሁለት፣ እጅ ላይ አራት» አለኝ። ይሄኔ ሰምና ወርቅ በየኔታ እግር ስር ብቻ እንደማይማሩት ገባኝ። ሰሙ ሁለት፣ ወርቁ አራት።

የምንወጣበትን ቀን የመረጥኩት በሒሳብ ነው። የሁለቱም ቤት አከራይ ለጳጉሜን አያስከፍልም። ስለዚህ በዓመት አምስት ቀን፣ ሁለት ቤት ይዤ ለአንዱም ኪራይ የማልከፍል ባለሀብት መሆን እችላለሁ። ሾፌሩ የሚመቸው ጳጉሜን 3 ብቻ ነው አለ። ባለቤቴ «ሩፋኤል እኮ ነው፣ ዝናብ አይቀርም» አለችኝ። ለዕቅድ ክብር የሌላት ሴት ናት አልኩ፣ በልቤ።

ዕቅድ ነበረኝ። ደብተር ገዛሁ። ካርቶኖቹን ቁጥር ሰጠኋቸው። ድሮ የሰፈር ሱቅ ባዶ ካርቶን «ውሰደው» ይል ነበር፣ አሁን ይሸጣል። የሰርጋችን አልበም «ማካሮኒ» የሚል ካርቶን ውስጥ ገባ። ሁሉም ነገር በሥርዓት እየሄደ እያለ አራተኛው ካርቶን ላይ ባለቤቴ አንድ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ፌስታል አለ። እዚያ ውስጥም ፌስታል አለ። መጨረሻው ላይ ሰባት ቁልፍ ተገኘ። የምን እንደሆኑ አናውቅም። በአሥር ዓመት ውስጥ የኖርንባቸው ቤቶች ይሁኑ፣ የጠፉ ጓንጉሎች ይሁኑ፣ እግዜር ይወቀው።

«ይጣሉ» አልኩ።

«ቁልፍ ይጣላል?» አለችኝ፣ ታቦት ጣል ያልኳት ይመስል።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ተዘጋ። ክዳን የሌለው የቅቤ ዕቃ፣ ቴሌቪዥኑ የሞተበት ሪሞት፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና፣ አርባ የሚሆን ባዶ ሃይላንድ። እያንዳንዱ ጠበቃ አለው። እሷ ሱቅ ስትሄድ ጠብቄ ቁራሌውን ጠራሁና እጀታ የሌለውን ብረት ድስት በመቶ ብር ሸጥኩለት። መንገድ ላይ ተገናኙ። በመቶ ሃምሳ ገዝታው ተመለሰች። ቁራሌው ወደ እኛ ግቢ እያየ እንዴት እንደሳቀ ዛሬም አይረሳኝም።

(ከእድሩ አልወጣንም። ቤት ይለወጣል እንጂ እድር አይለወጥም። ለቀብር ሁለት ታክሲ ይዘን እንመጣለን።)

ጳጉሜን 3 ደረሰ። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ባለቤቴን አየት አደረግኳት፣ መልስ አልሰጠችኝም። የመጨረሻው ማዳበሪያ ተጭኖ ፍራሹ ከላይ እንደተኛ ዝናቡ ለቀቀው። የሾፌሩ ሸራ ከሸራው ቀዳዳው ይበዛል። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው፣ ለሩፋኤል ጠበል ዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ አይሱዙውን ሸኙት። ጎረቤታችን እማማ ከበረንዳቸው ሆነው «ግድ የለም ልጄ፣ ፍራሻችሁ ተጠመቀ!» አሉኝ።

አዲሱ ሰፈር ስንደርስ ስድስት ወጣቶች ብሎኩ ስር ቆመው ነበር። «ፋዘር፣ እዚህ ማውረድ የኛ ነው።» ዋጋቸው ከአይሱዙው ይበልጣል። «እኔው ራሴ አወርዳለሁ» አልኩ። አንደኛው በትህትና «ይችላሉ ፋዘር፣ ክፍያው ግን አይቀርም» አለኝ። ከፈልኩ።

ሶፋው ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሃል ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ተቀረቀረ። ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይወርድ። አቁመው ሞከሩት፣ አጋድመው ሞከሩት፣ ተሳደቡ። በዚህ መሃል አምስት ኪሎ ሽንኩርት የያዙ አንዲት እናት ከታች እያለከለኩ መጡ። አዩት። ሽንኩርቱን አስቀመጡና ተደላድለው ተቀመጡበት። «እንዴት ያለ ነገር አሰባችሁ! ይሄ ደረጃ ላይ መቀመጫ ቢኖር ስል ስንት ዓመቴ» ብለው መረቁን። የሶፋው እግር በመጋዝ ተቆርጦ ነው ያለፈው። አሁን እንግዳ ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል።

ማታ መብራት ጠፋ። ሻማው አንደኛው ማዳበሪያ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ነን፣ የትኛው እንደሆነ ግን ደብተሩ ነው የሚያውቀው፣ ደብተሩ ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። የተጠመቀው ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቴ በጨለማ «ይሄ ቤት እኮ ባዶ ነው፣ አንድ ቡፌ ያስፈልገናል» አለች። ስልኬ ጠራ። አከራያችን ናቸው።

«ልጄ፣ የቤቱን ቁልፍ ሳትሰጠኝ ሄድክ እኮ!»

«ይቅርታ እትዬ፣ ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ።»

«ኧረ ነገ አይሆንም! ልጄ አሁን ከኤርፖርት መጥቶ ከነሦስት ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል።»

በስልኬ መብራት ፌስታሉን ከፈትኩ። ስምንት ቁልፍ አለ።