እርማት፦ ኦፔራ የግድ በድሮው አይጀመርም

«ለኦፔራ (በዘፈን ለሚቀርብ ቴአትር) ጀማሪ ዘመናዊ ሥራ አይሆነውም፤ መጀመሪያ የድሮውን የጣሊያን ኦፔራ ደራሲ ቨርዲን ይልመድ» ላልከው ወንድሜ፦ አብሽር፣ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ስህተት ነው።

የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆን አዳምስን ኦፔራ «ኒክሰን በቻይና» እንውሰድ። መጀመሪያ የታየው በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሂዩስተን ላይ ነው። አውሮፕላኑ ቤጂንግ ያርፋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይወርዱና ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ከዡ ኤንላይ ጋር ይጨባበጣሉ። ከዚያ «ዜና፣ ዜና» እያሉ አንዷን ቃል ደጋግመው ይዘፍናሉ። ታሪኩ ኒክሰን በ1972 በእውን ቻይናን የጎበኙበት ስለሆነ ማንም ይከታተለዋል። ድግግሞሹስ? ደሴ ላይ በድቤና በመንዙማ አዝማች ላደገ ጆሮ ይህ ምን ይከብደዋል! እንዲያውም የሚጥመው እሱ ነው።

ሁሉም ቀላል ነው አልልም። የኦስትሪያዊው የአልባን በርግ ኦፔራ «ቮትሴክ» ለመጀመሪያ ቀን ይከብዳል፤ እሱ ግን ከ1925 ጀምሮ ያለ የቆየ ሥራ ነው። ለጀማሪ ወዳጅህ ትርጉም የተጻፈበትን ቅጂ ፈልግለትና የኒክሰንን የመጀመሪያ ትዕይንት ብቻ አሳየው።